ነጩ ወረዳ

እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ ነገሩ እንዲህ ነበር። ፅዮን በምትሠራበት ሆስፒታል ሁለተኛ ፎቅ፣ በካንሰር ምዝገባ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ካርታ ተለጥፏል። ካርታው ጎንደር ከተማን በየሰፈሩ፣ ዙሪያውን ያለውን አገር ደግሞ በየወረዳው ከፋፍሎ ያሳያል። እያንዳንዱ ቦታ የጡት ካንሰር ዘግይቶ በተገኘባቸው ሴቶች መጠን ልክ ቀለም ተቀብቷል፤ ጥቂት ከሆነ ፈዛዛ ቢጫ፣ ብዙ ከሆነ ቀይ። ዘግይቶ የተገኘ የሚባለው ሴትየዋ ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ከጡቷ አልፎ ወደ ብብት፣ ወይም ወደ ሳንባና ወደ አጥንት የዘለቀው ነው።

ከካርታው ሁሉ ዓይን የሚይዙት ሁለት ቦታዎች ናቸው። አንደኛው በከተማዋ ሰሜን ጫፍ፣ ወደ ወለቃ መውጫ ያለው ድልድዩ ሰፈር ነው። እንደ በርበሬ ቀልቷል። በአምስት ዓመት አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ተመዝግበውበታል፤ ከነዋሪው ብዛት ጋር ሲሰላ በዓመት ከመቶ ሺህ ሴት አርባ ይመጣል። ሁለተኛው ከኮሶዬ በላይ፣ ከማኪናው መንገድ ተነጥሎ ያለው ሰንበት አምባ ወረዳ ነው። እሱ ቀለም የለውም። ነጭ ነው። በአምስት ዓመት አንዲት ሴት አልተመዘገበችበትም።

ፅዮን ሁለቱንም ቦታዎች ታውቃቸዋለች። ሰንበት አምባ ተወልዳለች፤ ድልድዩ ሰፈር ዘጠኝ ዓመት ተከራይታ ኖራለች።

በዚያ ሰሞን ካርታው የሚፈለግበት ጉዳይ መጥቶ ነበር። ጡት መመርመር የሠለጠነች አንዲት ነርስ፣ በእጅ ከሚያዝ አልትራሳውንድ ጋር፣ ለአካባቢው ተፈቅዳለች። ሁለተኛ ነርስ የለችም፤ ትመጣለች የሚልም የለም። ኮሚቴው ያወጣው ደንብ ቀላል ነው፤ ነርሷ የምትቀመጠው ዘግይቶ የተገኘው መጠን ከሁሉም በላይ በሆነበት ቦታ ነው። ስብሰባው ማክሰኞ ሊሆን ተቀጠረ። ቁጥሩን የምታቀርበው ፅዮን ናት።

«ምን ያስጨንቅሻል?» አላት ዶክተር አስናቀው፣ የክፍሉ ኃላፊ። ዓርብ ማታ ሊወጣ ኮቱን እየደረበ ነበር። «ቀዩ እዚያ አለ፤ ነርሷ እዚያ ትሄዳለች። አለቀ።»

«ነጩስ?»

«ነጩ ምን ሆነ? ተመስገን በይ እንጂ! ያገርሽ ሰው ገብሱን እየበላ፣ ብርዱን እየጠጣ፣ ሐኪም ሳያስቸግር ይኖራል።»

«ዜሮ አይሆንም ዶክተር። ከአሥራ ስምንት ሺህ ሴት ዜሮ አይሆንም።»

«አንቺ ደግሞ በሽታው ሲበዛም ታለቅሻለሽ፣ ሲጠፋም ታለቅሻለሽ» አለና እየሳቀ ወጣ።

እሷ ግን ወደ ካርታው ዞራ ቆየች። በሽታ የሌለበት አገርና ማንም ያላየው አገር በካርታ ላይ አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው። ይህን ለካርድ ክፍል ሠራተኞች በየሥልጠናው የምትነግራቸው ራሷ ናት።

የፅዮን ቤት አንድ ክፍል ሲሆን ሁለት አልጋ አለበት። በአንዱ እሷ ትተኛለች። ሌላው ተነጥፎ፣ ጋቢው ከግርጌው ታጥፎ፣ ማንም ሳይተኛበት ሦስት ዓመት ሆኖታል። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይሰማታል። ድራማውን ከነገጸ ባሕርያቱ በድምፅ ብቻ ለይታ ታውቀዋለች፤ መልካቸውን አንድም ቀን አላየችም። ቅዳሜና እሑድ ሲሆን ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጧት ከባለ ሱቁ በቀር ሰው ሳታነጋግር የምታሳልፍበት ጊዜ አለ።

አልጋው የእናቷ ነው። እናቷን ወይዘሮ ዝማሬን ስድስት ዓመት ለመነቻት። «ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ፤ ምን አለሽ እዚያ ብርድ ላይ?» ስትላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ከብቱን ለማን ጥዬ?» ከዚያ በአንድ የመስከረም ቀን ማንም ሳይጠራት፣ በነጠላ የተጠቀለለ ጓዟን ይዛ በር ላይ ቆመች። «መጣሁልሽ» አለች። ፅዮን በዚያ ምሽት የተሰማትን ደስታ ከዚያ ወዲህ አላገኘችውም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጀርባዋን ልታጥባት ስትል እናቷ ነጠላዋን አላወልቅ አለች። ፅዮን በግድ አወለቀቻት። ግራ ጡቷ ላይ ያለው እብጠት ሲለካ ሰባት ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ሳንባዋም ተነክቶ ነበር። በካርድ ክፍል መስኮት ላይ ሠራተኛው አድራሻ ሲጠይቅ አሮጊቷ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ፅዮን ቀደመቻት። «ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ድልድዩ ሰፈር» አለች። ስትናገረው ኩራት ኩራት ይላት ነበር።

ወይዘሮ ዝማሬ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ሰባት ሳምንት ቆይታ አረፈች። ለቅሶ የመጡት ያገሯ ሰዎች ከድንኳኑ ጥግ ሆነው ሲያንሾካሹኩ ፅዮን ሰምታለች። «ደህና ሴት ነበረች። ከተማው ነው የበላት።» ካርታው ደግሞ ከእነሱ ጋር የሚስማማ ይመስል ነበር። በነጩ ወረዳ የታመመ የለም፤ እናቷ ከነጩ ወርዳ ቀዩ ውስጥ ስትገባ ታመመች። ፅዮን እንዲህ ያለው ሐሳብ ምን ያህል ስሕተት እንደሆነ የምታውቅ ሴት ናት። ማታ ማታ ግን ታስበዋለች።

ቅዳሜ ጧት ከድልድዩ በታች ወረደች። ዘጠኝ ዓመት በላይኛው በኩል ስትኖር ድልድዩን ተሻግራ አታውቅም፤ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። አሁን ግን አንድ ሰፈር ከሌላው አራት እጥፍ የሚያሳምመው ምን እንደሆነ በዓይኗ ማየት ፈለገች። ውኃ ይሆን? ጭስ ይሆን? የገበያ ቀን ስለነበር ሽንኩርትና ገብስ የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውታል። በየበሩ እየቆመች ጠየቀች። ሴቶቹ ያዩአትና ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። አንዷ ልብስ እያሰጣች፣ «የታመመ ነው የምትፈልጊው? እነሐዲጃ ቤት ሂጂ። እዚያ በሽተኛ አይጠፋም» አለቻት።

የሐዲጃ ቤት ከፊቱ ሱቅ ነው፤ አቡጀዲ፣ ገመድ፣ ጨው፣ የላስቲክ ጫማ ይሸጥበታል። ሐዲጃ ስድሳ ዓመት የሚሆናት፣ ወፍራም፣ ዓይኗ የሚስቅ ሴት ናት። ልጇ ሃጂራ ጨርቅ እየለካች ነበር።

«ከሆስፒታል ነኝ፣ እትዬ ሐዲጃ» አለች ፅዮን። «እዚህ ሰፈር የጡት ሕመም በዝቷል ተብሎ፣ ምክንያቱን ለማየት ነው።»

«እዚህ ሰፈር?» ሐዲጃ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ሃጂራ! ኧረ ነይ ስሚ፣ ጡታችንን ሊቆጥሩ መጥተዋል!»

«ሁለት ሁለት ነው በያቸው» አለች ሃጂራ ከጨርቁ ቀና ሳትል።

«ልጄ» አለች ሐዲጃ፣ ሳቋን ስትጨርስ፣ «ይኸው ስድስት ልጅ አጥብቼበት አልሐምዱሊላህ ደህና ነው። ጎረቤቶቼም ደህና ናቸው። የሚያመው እኛን አይደለም፤ እንግዶቻችንን ነው። ግቢ፣ ደጅ ላይ አይወራም።»

ከሱቁ በስተጀርባ ሰፊ ግቢ አለ። ከግቢው ማዶ አራት አልጋ የተዘረጋበት ረጅም ክፍል፣ ከጎኑም ወጥ ቤት። በወጥ ቤቱ ሁለት መደርደሪያ ተሠርቷል። በግራው የቤቱ ዕቃ ነው። በቀኙ ለብቻው ሁለት ድስት፣ አንድ መጥበሻ፣ ቢላዋ፣ ጥቂት ሳህን ተቀምጧል።

«ያ የወዳጆቻችን ነው» አለች ሐዲጃ። «የባሌ አያት ከደጋ ሰዎች ጋር ይነግድ ነበር። እነሱ ለገበያ ሲወርዱ እዚህ ያድሩ ነበር፣ እሱም ሲወጣ እነሱ ዘንድ ያድር ነበር። አያቶቹ ሞቱ፤ ልጆቹ መጡ። ልጆቹ ሲሞቱ የልጅ ልጆቹ መጡ። የእኛን ሥጋ አይበሉም፣ የእነሱን አንበላም፤ በድስታቸው ራሳቸው ይሠራሉ። ሌላው ሁሉ የጋራ ነው። ዱሮ ለገበያ ነበር የሚመጡት። አሁን አሁን ለሐኪም ሆነ። እኔ ብቻም አይደለሁ፤ ጃቢር ቤትም እንደዚሁ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያሉትም እንደዚሁ ናቸው።»

ፅዮን ድስቶቹን እያየች ቆመች። አንድ ነገር እየገባት ነበር፤ ግን ቶሎ አላመነችውም። አንድ ቤት አይታ መደምደም ልማዷ አይደለም።

በረጅሙ ክፍል መጨረሻ አልጋ ላይ አንዲት ከሲታ ሴት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ነጠላዋን በግራ ጎኗ ሁለት ጊዜ ጠቅልላዋለች። አጠገቧ ፀጉሩ የሸበተ ሰው በሶ እየበጠበጠ ነው።

«ይህች ሽታዬ ናት» አለች ሐዲጃ፣ «ይሄ ወንድሟ አያ ነጋ። ከሆስፒታል ነው የመጣችው፣ ንገሯት እንግዲህ። ነጋ፣ ደግሞ አታድርቃት።»

«እኔ መቼ ሰው አድርቄ አውቃለሁ?» አለ ነጋ።

«ትናንት ለግመሉም ለአህያውም ስታወራ አመሸህ እኮ!»

«ግመል የታለ እዚህ?»

«የለም እኮ፤ ሰሚ ስታጣ ለሌለውም ታወራለህ።»

ሽታዬ ትንሽ ፈገግ አለች። ፅዮን በአልጋው ጫፍ ተቀመጠችና ከየት እንደመጡ ጠየቀች።

«ከሰንበት አምባ» አለ ነጋ። «ኮሶዬ ላይ ከማኪና ወርደሽ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በቃሬዛ ነው ያመጣናት።»

«ለካርድ ክፍሉም ሰንበት አምባ ብላችሁ ነው ያስመዘገባችሁት?»

«ኧረ ምነው!» ነጋ ተገረመ። «ድልድዩ ሰፈር፣ ሐዲጃ ቤት ብዬ ነዋ። ስልኩም የሐዲጃ ነው። ቀጠሮ ሲለወጥ፣ ደም አምጡ ሲሉ በምን ያገኙናል? እኛ አገር ስልኩን ይዘሽ አምባው ጫፍ ካልወጣሽ አይሰማም። መንገዱም ሲዘጋ ይከርማል። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያስመዘግበው። በሽተኛ አድራሻው አልጋው ያለበት ነው።»

ፅዮን እጇን ጉልበቷ ላይ አጣመረች። «እኔም ከሰንበት አምባ ነኝ» አለች ቀስ ብላ።

«የማን ልጅ?»

«የዝማሬ።»

ነጋ የበሶውን ጣሳ አስቀመጠ። ሽታዬ ግን ቀና ብላ ፊቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«አፍንጫሽ የእሷ ነው» አለች። «ከእናትሽ ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበል አብረን ሄድን። እኔ የእሷን አየሁ፣ እሷም የእኔን አየች። ለሌላ ሰው አላሳየንም። የእኔ ያኔ እንደ ባቄላ ነበር፤ የእሷ ግን አድጎ ነበር።»

«ሁለት ዓመት?» አለች ፅዮን። «ወደ እኔ ሳትመጣ በፊት?»

«ሳትመጣ እንጂ።»

«ምነው ሳትነግሩኝ?»

«ማን ይንገርሽ? ‹ልጄ እዚያ ብቻዋን ናት፤ ብቻዋን ሆና አትደንግጥ› አለች። የምትሄድ ለት እስከ ወንዙ ሸኘኋት። ‹ከብቱን ለማን ሰጠሽ?› አልኳት። ‹ለወንድሜ ልጅ። እንግዲህ ጥቂት ጊዜ ለልጄ እንግዳ ልሁንላት› አለችኝ።»

ከግቢው ውጭ አንድ አህያ ያናፋል። ሐዲጃ ወጣችና ውኃ ይዛ ተመለሰች፤ ፅዮን ግን አልጠጣችም። ከተማው እናቷን አልበላትም ነበር። እሷም ልትኖር አልመጣችም ነበር። ፅዮን ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ሰማች፤ የመጀመሪያው ከጫንቃዋ ሸክም ሲያወርድላት ሁለተኛው የቀራትን ደስታ ወሰደባት።

እሑድን በሙሉ፣ የሰኞንም ግማሽ፣ ስልክ ስትደውል ዋለች። አሥራ ዘጠኙን ሴቶች አንድ በአንድ አጣራች። የሚያነሳው አንዳንዴ ጃቢር ነው፣ አንዳንዴ የሌላ ቤት እመቤት። ሐዲጃ ከሱቋ ሆና ፅዮን የማታውቀውን ቤት ሁሉ ታስጠይቅላት ነበር፤ «እገሊት? አዎ፣ እሷን ጃቢር ነው ያስታመማት፤ ከሰንበት አምባ ናት፣ ነፍሷን ይማር» ትላለች። የምዝገባው ሕግ ግልጽ ነው። የአንድ ሰው አድራሻ በሽታው ከመገኘቱ በፊት የነበረውን ዓመት አብዛኛውን የኖረበት ቦታ ነው። በዚህ ሕግ ከአሥራ ዘጠኙ አሥሩ ወደ ሰንበት አምባ፣ ሦስቱ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሄዱ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስሌቱ እንዲህ ሆነ። ድልድዩ ሰፈር የቀሩለት ስድስት ሴቶች ናቸው፤ በዓመት ከመቶ ሺህ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት። ሰንበት አምባ አሥር ሴት፣ አሥር ነጥብ ዘጠኝ። ሌሎቹ ወረዳዎች ሁሉ ከአሥር በታች ናቸው።

ዶክተር አስናቀው ከትከሻዋ በላይ ሆኖ አነበበው። «ጎበዝ! እንዲህ ዓይነት ስሕተት ማግኘት ቀላል አይደለም። ለማንኛውም ውሳኔው አልተለወጠም፤ አሁንም ከተማው ይበልጣል። አትመሺና ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

«አንዷ ቀርታለች።»

«ከስድስቱ?»

«አዎ።»

«ምኗ ይጣራል? አድራሻዋ የት ነው?»

«እኔ ቤት» አለች ፅዮን።

ዶክተር አስናቀው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በእናቷ ለቅሶ ላይ ተገኝቶ ነበር፤ ድንኳኑ ውስጥ ከእሷ ጎን ተቀምጦ። እርሳሱን አንስቶ በወረቀት ጥግ ላይ አሰላ። አንዷ ከተነሳች ድልድዩ ሰፈር አሥር ነጥብ አምስት ይሆናል፤ ሰንበት አምባ አሥራ ሁለት።

«ፅዮን» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወረዳው ያገርሽ ነው። ሴትየዋ እናትሽ ናት። ነገ ኮሚቴው ምን ይላል መሰለሽ?»

«ነርሷን ላገሯ ወሰደች ይላላ።»

«ይላል! ደግሞ የአንድ ሰው ልዩነት በሳይንስ ልዩነት አይባልም። ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ። ነርሷም ግን አንድ ናት።»

እርሳሱን አስቀመጠ። «ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው ብለሽ ነበር እኮ። ያኔ ለሁላችንም ነግረሽናል» አላት። ሊጎዳት ብሎ አልነበረም፤ መውጫ ሊሰጣት ነበር። ማንም አይጠይቅም። ሰባት ሳምንትም መኖር ነው ብትል የሚከራከራት አይኖርም።

ፅዮን መስኮቱን አየች። በሰሜን በኩል ተራራው በጉም ተሸፍኗል።

«ሰባት ሳምንት ነው የቆየችው» አለች። «እንግዳ ነበረች።»

ከዚያ የአሥራ ሦስቱን ሴቶች አድራሻ አርማ፣ በእናቷ ስም ትይዩ ድልድዩ ሰፈር የሚለውን አጥፍታ ሰንበት አምባ ብላ ጻፈች። በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ካርታ ቀለሙን ራሱ አስተካከለ። ቀዩ ሰፈር ወደ ቢጫ ፈዘዘ፤ ነጩ ወረዳ ቀላ።

ወደ ቤቷ ስትገባ የጎረቤቱ ድራማ ተጀምሯል። መብራቱን አበራችና ሁለተኛውን አልጋ አየችው። ጋቢው እንደታጠፈ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የእናቴ አልጋ ስትለው ኖራለች፤ አሁን የእንግዳ አልጋ ነበር። ለብቻዋ ራት ሠርታ በላች። የድራማው ሴትዮ ከግድግዳው ወዲያ ታለቅስ ነበር፤ ለምን እንደምታለቅስ ፅዮን በዚያ ምሽት አልተከታተለችም።

ማክሰኞ ኮሚቴው ተከራከረ። አንደኛው አባል ሳያስጨርሳት የእናቷን ነገር አነሳ፤ ፅዮን አልካደችም፤ ሁሉንም ከነሕጉ አስረዳች። ሌላው፣ «ታዲያ እናትሽን ለምን መጀመሪያውኑ በትክክል አላስመዘገብሽም?» ሲላት ወረቀቷን ማገላበጥ ጀመረች። ዶክተር አስናቀው ጣልቃ ገብቶ ሕጉን ጮክ ብሎ አነበበላቸው። በአራት ድምፅ ለሦስት፣ ነርሷ ሰንበት አምባ እንድትቀመጥ ተወሰነ። በአዳራሹ በር ላይ ሲለያዩ አንዱ አባል ሰላም ሳይላት አለፈ።

ሽታዬ በሰኔ አረፈች። የደወለችው ሐዲጃ ናት። «በትክክለኛ አገሯ ጻፏት እሺ፤ ነጋ እሱን ንገሪያት ብሎኛል» አለች። ቀጥላም፣ «አንቺስ ምነው ጠፋሽ? ድልድዩን መሻገር ያስከፍላል ያለሽ አለ?» አለቻት። ፅዮን እመጣለሁ አለች። ቅዳሜ ሄደች። ከእናቷ አልጋ ያነሳችውን ጋቢ ይዛ ሄዳ በረጅሙ ክፍል ካሉት አልጋዎች በአንዱ ላይ አስቀመጠችው።

የነርሷ ስም ቃልኪዳን ነው። ከሰንበት አምባ ቤተ ክርስቲያን በታች ባለችው ጤና ኬላ አንድ ክፍል ተሰጣት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የመጣላት ሰው አልነበረም። ከዚያ ነጋ የሽታዬን ሁለት ሴት ልጆች እየነዳ አመጣ፤ እነሱን አይተው ሌሎቹ ተከተሉ። ዓመት ሳይሞላት ስምንት መቶ ስድሳ ሴቶችን መረመረች። በአሥራ አንዱ ላይ እብጠት አገኘች፤ ናሙናው ጎንደር ሲታይ አራቱ ካንሰር ሆኑ። ውጤቱ ፅዮን ዘንድ የደረሰው በተከታዩ ዓመት፣ በጥር መጨረሻ ነው። ከአራቱ አንዱም ወደ ብብት አልዘለቀም። ትልቁ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ትንሹ ስምንት ሚሊ ሜትር።